«እስከ ዓርብ ዲስአቫው አድርጊ» ለተባለችው ጀማሪ

«ኤስኢኦ (ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ ከፍ ብሎ እንዲገኝ የማድረግ ሙያ) በራሴ ተምሬ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ድረ ገጻችን ከጉግል የሚያገኘው ጎብኚ በድንገት በሲሶ ቀነሰ። አለቃዬ በክፍያ ከምንጠቀምበት መሣሪያ 'መርዛማ' የተባሉ 3,000 ገደማ ባክሊንኮች (ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚጠቁሙ ሊንኮች) አውጥተው ላኩልኝና እስከ ዓርብ ሁሉንም ዲስአቫው አድርጊ አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም። እምቢ ብል ሰነፍ እባላለሁ። ሠርቼው ቢብስስ ማን ይጠየቃል?»

እህቴ፣ ቀኑ ስለሚያስቸኩል መልሱን ላስቀድመው፤ አሁን አታድርጊው። ለአለቃሽ ግን «አላደርግም» ብለሽ አትመልሺ። ያዘዙሽ ስለ ሊንክ ቢሆንም ያስጨነቃቸው የቀነሰው ጎብኚ ነው። ይዘሽላቸው መሄድ ያለብሽም የዚያን መልስ ነው።

ዲስአቫው ማለት ጉግልን «ወደ እኔ የሚጠቁሙትን እነዚህን ሊንኮች አትቁጠርብኝ» ማለት ነው። ሊንኩ ካለበት ቦታ አይጠፋም። መሣሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ መጥቶ ሊንክ ሲገዙ የኖሩ ድረ ገጾችን አራግፏቸው ነበር። ሰዉ መውጫ ሲያጣ ይቺ በር ተከፈተችለት። ዛሬም ከሰው አፍ የማይጠፋው «ሊንክሽን አጽጂ» የሚለው ምክር በአብዛኛው የዚያ ዘመን ድንጋጤ ትራፊ ነው። በ2016 ፔንግዊን ጉግል ውጤቶችን የሚደረድርበት የዋናው አልጎሪዝም አካል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ሊንክ ሲያገኝ ድረ ገጹን ከማውረድ ይልቅ ሊንኩን ከቁጥር ያወጣዋል። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ስፓምብሬይን የሚባለው የጉግል ስፓም መያዣ ሥርዓት በተገዙ ሊንኮች ላይ ተሰማርቷል። ስለዚህ ከተላኩልሽ 3,000 ውስጥ ብዙዎቹን ጉግል ድሮውኑ ሳይንቃቸው አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። እንበልና የወረዳችሁት በእርግጥ ጉግል የተገዙ ሊንኮቻችሁን ዋጋ ስላሳጣቸው ነው። ያኔም ዲስአቫው አያድናችሁም። የተወሰደባችሁ ምርኩዝ ነው። የተወሰደን ምርኩዝ «አልፈልገውም» ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

ጉግል ራሱ ለዚህ መሣሪያ ያስቀመጠው መስፈርት ጠባብ ነው። አንደኛ፣ ወደ ድረ ገጽሽ የሚጠቁሙ የተገዙ ወይም አርቲፊሻል ሊንኮች በብዛት መኖር አለባቸው። ሁለተኛ፣ እነሱ ማኑዋል አክሽን አስከትለው ወይም ሊያስከትሉ የተቃረቡ መሆን አለባቸው። ሁለቱም አንድ ላይ። ማኑዋል አክሽን ማለት የጉግል ሠራተኛ፣ ሰው ማለቴ ነው፣ አይቶ የጣለው ቅጣት ነው። እሱን ማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለባለ ድረ ገጾች የሚሰጠው መከታተያ) ግቢ፣ ማኑዋል አክሽን የሚለውን ሪፖርት ክፈቺ። አረንጓዴ ምልክት ካየሽ ቅጣት የለም። ስክሪንሹት አንሺ። የዓርቡ ወሬሽ የሚጀምረው ከዚች ስክሪንሹት ነው።

'መርዛማ' የሚለው ውጤትስ? እሱን የፈጠረው መሣሪያውን የሚሸጠው ድርጅት ነው። ጉግል ዘንድ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ጥሬ ግምት ነው፤ ቀይ ቀለም ስለተቀባ ብቻ ያስደነግጣል።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የሙያ አማካሪ ከመሆኔ በፊት አንቺ ያለሽበት ወንበር ላይ ነበርኩ። ጎብኚ ወረደ፣ እኔም ቀይ የሆነውን ዝርዝር እንዳለ ገልብጬ ጫንኩት። ኩራቴም ለጉድ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ስከፍት ከቀዮቹ መካከል የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገጽ አገኘሁ። ዲዛይኑ ያረጀ፣ ሊንክ የተደረደረበት፣ መሣሪያው የጠረጠረው እንጂ ምንም ነውር የሌለበት ገጽ። ካሉን ሊንኮች ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር፤ በገዛ እጄ ጣልኩት። ጎብኚው የወረደበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ድረ ገጹ በአዲስ ዲዛይን ሲታደስ «ይህን ገጽ አትመዝግብ» የሚል የኖኢንዴክስ ምልክት በአንድ ሙሉ ክፍል ላይ ተረስቶ ቀርቷል። አንዲት መስመር ኮድ! እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሊንክ ሳሳድድ እሷ እዚያው ቁጭ ብላለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። አንቺም ሰርች ኮንሶል ውስጥ የአፈጻጸም ሪፖርቱን ክፈቺና ከመውረዱ በፊት ያለውን ወር ከኋላው ካለው ጋር አወዳድሪ። እዚያ የ16 ወር መረጃ ስላለ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋርም አስተያይው። መጀመሪያ ደረጃውን፣ ማለትም በጉግል ውጤት ላይ ስንተኛ እንደምትወጡ፣ ተመልከቺ። ደረጃችሁ ሳይነቃነቅ ኢምፕሬሽን (በውጤት ገጽ ላይ የታያችሁበት ብዛት) ብቻ ከቀነሰ ሰዉ ነገሩን መፈለግ ቀንሷል፤ ምናልባት ወቅቱ ነው። ደረጃውም ኢምፕሬሽኑም እንዳለ ሆኖ ክሊክ ከወረደ የውጤት ገጹ መልክ ተቀይሯል፣ ከላያችሁ ሌላ ነገር ገብቷል። ከዚያ በገጽ ለይተሽ እዪው። የወረደው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ቴክኒካል ጣጣ ጠርጥሪ፤ ኖኢንዴክስ፣ ሮቦትስ ፋይል (የፍለጋ ሮቦቶች የት እንዳይገቡ የሚነግረው ፋይል)፣ አድራሻቸው ተቀይሮ ወደ አዲሱ ያልተመሩ ገጾች። ሁሉም ገጽ በአንድ ቀን አካባቢ ከተንሸራተተ ጉግል ማሻሻያዎቹን የሚያሳውቅበትን ሰሌዳ አይተሽ ቀኑን አመሳክሪ። ቀኑ ኮር አፕዴት (የጉግል ፍለጋ ሰፊ ማሻሻያ) ላይ ከወደቀ ማሻሻያው አልቆ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ምንም አትደምድሚ። ያኔም ጥያቄው በአብዛኛው ስለ ይዘታችሁ እንጂ ስለ ሊንካችሁ አይደለም።

ታዲያ ዲስአቫው አድርጊ የምልሽ መቼ ነው? የማኑዋል አክሽን ሪፖርቱ «ወደ ድረ ገጽዎ የሚጠቁሙ ተፈጥሯዊ ያልሆኑ ሊንኮች» የሚል ነገር ካሳየሽ ያለ ክርክር። ቅጣት ባይኖርም፣ ከአንቺ በፊት የነበረ ሰው በጅምላ ሊንክ ሲገዛ እንደነበር ካወቅሽ ማሰቡ ተገቢ ነው። ይህን አለቃሽን ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፤ ደረሰኝ አይዋሽም። ከሊንኮቹም ሃምሳ ያህል በእጅሽ ክፈቺ። «ርካሽ የመኪና ኢንሹራንስ» የሚል አንድ ዓይነት ሐረግ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ፣ ስለ ውሻ ምግብም ስለ ቁማርም በሚያወሩ ገጾች ግርጌ ላይ እየተደጋገመ ካገኘሽ የተገዛ ነው። በዘፈቀደ የተለቃቀሙ፣ ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ የሮቦት ገጾች ከሆኑ ግን የማንኛውም ድረ ገጽ አቧራ ናቸው፤ እለፊያቸው።

ቅጣት ካለ ደግሞ ፋይል መጫን ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ለባለ ድረ ገጾቹ ጽፈሽ ሊንኩን እንዲያነሱ መጠየቅ አለብሽ። የማይመልሱትን ዲስአቫው ታደርጊያለሽ፣ በመጨረሻም ለጉግል እንደገና ይታይልኝ የሚል ማመልከቻ ታስገቢያለሽ። የላክሻቸውን ኢሜይሎች መዝግበሽ ያዢ፤ ጉግል ልባዊ ጥረት ማድረግሽን ያያል።

አሁን ወደ ወንበርሽ። ዓርብን አትጠብቂ፣ ረቡዕ ማታ ለአለቃሽ አጭር ኢሜይል ጻፊ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «የላኩልኝን ዝርዝር አይቻለሁ። ማኑዋል አክሽን የለብንም፤ ስክሪንሹቱን አያይዣለሁ። የወረዱት በዋናነት እነዚህ ገጾች ናቸው፣ የጀመረውም በዚህ ቀን ነው። ከሊንኮቹ 50 ከፍቼ አይቻለሁ፣ ያገኘሁት ይህን ነው። ዲስአቫው ጥሩ ሊንኮችንም ሊጥልብን ስለሚችል ምክንያቱን አጣርቼ ሰኞ ልመለስልዎት።» ባዶ ቦታዎቹን በራስሽ ግኝት ሙያቸው። ሰውዬው ሊቆጡ ይችላሉ። ግን እንዲህ ያለ ኢሜይል የጻፈ ሠራተኛ ሰነፍ ሲባል አልሰማሁም። የሙከራ ጊዜሽ ባይሳካ እንኳ ኢሜይሉ ያንቺው ነው። ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ «ጎብኚ ሲወርድ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉሽ የድርጅቱን ስምና ቁጥር ሳታነሺ ይህንኑ ሂደት ትተርኪያለሽ። ቀጣሪ ሆኜ ብዙ ጀማሪ ጠይቄያለሁ። አብዛኛው የመሣሪያ ስም ይቆጥርልኛል፤ «መጀመሪያ ይህን አጣርቼ ያን ተውኩት» የሚለኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ግድ የለሽም፣ አድርጊው» ካሉሽስ? የእሳቸው ድረ ገጽ ነው፣ መብታቸው ነው። ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲደግሙልሽ በትሕትና ጠይቂ። ከመጫንሽ በፊት አሮጌ ዝርዝር ካለ አውርደሽ አስቀምጪ፣ ምክንያቱም አዲሱ ፋይል አሮጌውን ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም። መሣሪያው ለዶሜይን ፕሮፐርቲ (ሰርች ኮንሶል ውስጥ በድረ ገጹ ስም ብቻ ለተመዘገበው) አይሠራም፤ https ካለበት ሙሉ አድራሻው የተመዘገበበትን ፕሮፐርቲ ምረጪ። ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሁን፣ በየመስመሩ አንድ ዶሜይን። በ# ምልክት በሚጀምር መስመር ላይ ቀኑንና ያዘዘውን ሰው ጻፊ፤ ጉግል ያን መስመር አያነበውም፣ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ያነበዋል። ያስገባሽውም ከፍተሽ ያየሻቸውን ብቻ ይሁን። ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ ሰኞ ጠዋት ግራፉን እያዩ እንዳይጠብቁ ለአለቃሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።