ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ኮካ፣ አምቦ፣ ድራፍት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ነርስ ነኝ፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ ማጥበብ) ወይም ባይፓስ (ትንሽ ጨጓራ አስቀርቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ማገናኘት) የተሠሩ ሰዎችን እከታተላለሁ። ሰሞኑን የምትጠይቁኝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጋዝ ያለው መጠጥ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። ኦፕራሲዮን ያደረገላችሁ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ስሙ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስሊቭ ከተሠራሁ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው፤ ምሳ ላይ ሁሉም ኮካ ይዞ ይቀመጣል። ግማሽ ብርጭቆ ብጠጣ ምን እሆናለሁ?

አሁን አይሆንም እኅቴ። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራሽ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረሽ ቀጭን ቱቦ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ማኪያቶ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ለስላሳ ሲታሸግ ደግሞ ከፈሳሹ መጠን ሦስት አራት እጥፍ የሚሆን ጋዝ ይጨመቅበታል። ከአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ከፊሉ ጠርሙሱ ሲከፈት ያመልጣል፣ ከፊሉ በግሳት ይወጣል። የቀረው ግን ያንን ጠባብ ቱቦ ይወጥረዋል። ደረትሽ ሥር ይወጋሻል፣ ቃር ይለቅብሻል፤ ግሳት እንኳ እንደ ድሮው በቀላሉ አይመጣልሽም።

ከኮካው ባሻገር አንድ ነገር ልጨምር፦ ምሳ ላይ ውሃም ቢሆን አትጠጪ። በልተሽ ከጨረስሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ጨጓራን መልሶ ያሰፋዋል የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ተብሎ ይፈራል። ለስላሳ ብቻውን ጨጓራ እንደሚያሰፋ ግን በሚገባ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ስለዚህ እኔ በዚህ አላስፈራራም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስኳሩ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ በሉት። ጥብስ ብትበሉ ሁለት ሦስት ጉርሻ ላይ ጥጋቡ ይገታችኋል። ጣፋጭ መጠጥ ግን ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ ሾልኮ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢጠጡት አያጠግብም። ክብደት ሲመለስ ካየኋቸው መንገዶች ይህ አንዱ ነው፣ ያውም ሰው የማይጠረጥረው። አቦካዶ ጁስ በስኳርና በሽሮፕም እዚያው ይመደባል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፤ ስሊቭ ከሆንኩ አራት ወር አልፎኛል። ክትፎ በልቼ ሆዴ ሲነፋ መድኃኒቴ አምቦ ነበር። ስኳር የለበት፣ ከመሬት የወጣ ውሃ ነው። እሱንም ትከለክይኛለሽ?

አባቴ፣ ለዘለዓለም አልከለክልዎትም። ስኳር የለውም ያሉት ልክ ነው፤ ከኮካ ጋር አንድ ላይ አልቆጥረውም። ነገር ግን አምቦ ከራሱ ጋዝ ሌላ ባይካርቦኔት አለበት፤ ያ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ ጋዝ ይፈጥራል። ድሮ ሲያገሱ ቀለል ይልዎት የነበረው ሰፊ ጨጓራ ስለነበረዎት ነው።

ሐኪምዎ ከፈቀደ እንዲህ ያድርጉ፦ አምቦውን አፉ ሰፊ በሆነ ብርጭቆ ይቅዱት፣ በማንኪያ ደጋግመው ያማስሉት፣ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ይተዉት። ከዚያ ባዶ ሆድዎን ሳይሆኑ፣ ከምግብ ጋርም ሳያደርጉት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፉት ብለው ይጠብቁ። ካልከበደዎት ይቀጥሉ፤ ቃር ካመጣብዎት ይተዉት። የደም ግፊት ካለብዎት ደግሞ ማዕድን ስለሚበዛበት ቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ዜሮ ስኳርስ? ማልትስ?

ዜሮው ስኳሩ ቀረለት እንጂ ጋዙም አሲዱም አለ። ማልት አልኮል ስለሌለው ብቻ ጤናማ የሚመስላችሁ አላችሁ፤ ጋዝም ስኳርም አለበት።

ጥያቄ፦ ባይፓስ ነኝ። ሰርግ ላይ አንድ ሚሪንዳ ጠጥቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ መታ፣ ሆዴን ቆረጠኝ። ሰው ዓይን ነው አለኝ።

ዓይን አይደለም። ዳምፒንግ ይባላል። በባይፓስ ትንሿ ጨጓራ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ስለተገናኘች ስኳሩን ቀስ እያለ የሚያሳልፍ በር የለም። አንጀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይወርድና ውሃ ከደም ይስባል፤ ላቡም የልብ ምቱም ተቅማጡም ከዚያ ይመጣል። ጋደም ብትል ያልፍልሃል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል፦ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጨለም። ይህኛው ከተደጋገመብህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ በዚያ ሁኔታ መኪና አትንዳ። ሚሪንዳውን ግን ተወው፤ ጋዙን ብታስወጣው እንኳ ስኳሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ድራፍት ነበር። መቼ ልመለስ?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በግልጽ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎች ደብቀው ነው የሚጠጡት። የድራፍት ጋዝ ትንሹ ችግር ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ፣ በተለይ ባይፓስ ከሆንክ፣ አልኮል ደም ውስጥ ቶሎ ይገባል፣ መጠኑም ከፍ ይላል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል። ድሮ ምንም የማትመስልህ አንዲት ብርጭቆ ዛሬ ታሰክርሃለች። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ጨርሶ አትቅመስ። ከዚያ በኋላም ሱስ የመያዝ ዕድሉ፣ በተለይ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ፣ ከፍ ይላል። ቀድሞ በምግብ ይጽናና የነበረ ሰው ምግቡ ሲቀርበት ወደ መጠጥ ሲዞር አይቻለሁ፤ ከልቤ የምፈራው ይህን ነው። ጠላና ጠጅም ያው ናቸው። ከጓደኞችህ አትቅር፤ ቁጭ ብለህ ውሃህን ፉት በል፣ ለምን እንደሆነም ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ከተሠራሁ አሥር ቀኔ ነው። ውሃ እንኳ አይወርድልኝም፣ ያስመልሰኛል። ለስላሳው ጋዙ ወጥቶ ቢሰጠኝ ይሻል ይሆን?

በፍጹም። በቀን 1 ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ያስፈልግሻል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደቂቃው አንድ ማንኪያ እያልሽ፣ ያለ ስትሮ፣ ምክንያቱም ስትሮ አየር አብሮ እንድትውጪ ያደርጋል። እንዲህም ሆኖ የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ነገ አትበይ፤ ወደ ሠራሽ ሆስፒታል ተመለሺ። ትውከት ሲደጋገም ሰውነት ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል፤ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት፣ ሲያርፉም የማይረጋ የልብ ምት፣ ትከሻ ድረስ የሚወጣ የሆድ ሕመም ከተጨመረበት ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።