ብረት ይግባላቸው ወይስ ጉልበቱ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የቀኝ ጉልበቷ በሰው ሠራሽ ተቀይሮላት ደህና ትራመድ ነበር። ሰሞኑን ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ምንጣፍ አደናቅፏት ወደቀች። የጭኗ አጥንት ከተቀየረው ጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰብሯል። አንዱ ሐኪም «ብረት አስገብተን እናስረዋለን» አለን። ሌላው ደግሞ «የታችኛው አጥንት ከነጉልበቱ ወጥቶ በትልቅ ሰው ሠራሽ ይተካ» ይላል። ወንድሜ «በዚህ ዕድሜዋ ቢላ አይንካት፣ በጀሶ ትቆይ» ብሏል። ግራ ገብቶናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ መጽሔቱ እስኪወጣ የሚጠብቅ ጉዳይ ስላልሆነ ዋናውን ነገር በስልክ ነግሬዎታለሁ። እዚህ የማወጣው ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢዎችም እንዲሆን ነው።

ከወንድምዎ ልጀምር። ለእናታቸው ሳስተው ነው፣ ይገባኛል። ጀሶ የሚያዋጣው ግን አጥንቱ ከቦታው ካልተንሸራተተና ሰው ሠራሹ ጉልበት ካልላላ ነው። ወይም ታማሚዋ ማደንዘዣን የማይችል ከባድ ሕመም ካለባቸው ነው። የእናትዎ አጥንት ተንሸራቷል ብለውኛል። ጭን ደግሞ ሥጋው ብዙ ስለሆነ ጀሶ ጥብቅ አድርጎ አይዘውም። የባት ጡንቻም የታችኛውን ስባሪ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በዚህ ላይ ለሳምንታት አልጋ ላይ መዋሉ አለ። የሳንባ ምች፣ እግር ውስጥ የሚረጋ ደም፣ የጀርባ ቁስል፣ ግትር ያለ ጉልበት። አረጋውያንን የሚጎዳው ከስብራቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሐኪሞች። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ የተገጠመው የሰው ሠራሹ ጉልበት ብረት አሁንም ከአጥንቱ ጋር እንደተጣበቀ ነው ወይስ ላልቷል? ሁለተኛው፣ ከስብራቱ በታች ብሎን የሚይዝ ምን ያህል አጥንት ቀርቷል?

የመጀመሪያውን ለማወቅ ራጁ ብቻ አይበቃም። እናትዎን ይጠይቋቸው። ከመውደቃቸው በፊት በነበሩት ወራት ከወንበር ተነስተው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመዱ ያማቸው ነበር? ጉልበቱ ያብጥ ነበር? ከሆነ ቀድሞውኑ መላላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ሲቲ ስካን በደንብ ያሳያል፤ ራጅ ላይ ብረቱ ራሱ አጥንቱን ይጋርደዋልና።

ብረቱ ካልላላና በቂ አጥንት ካለ እኔም የመጀመሪያውን ሐኪም ነው የምደግፈው። የሚታሰረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በጭኑ የውጭ ጎን የሚቀመጥ ረጅም ፕሌት (ጠፍጣፋ ብረት) ነው። የዛሬዎቹ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ጥርስ ስላለው ፕሌቱ ላይ ራሱ ይቆለፋሉ። ስለዚህ አጥንቱ የሳሳ ቢሆንም እንደ ድሮዎቹ ቶሎ አይላቀቁም። ሌላው በጉልበቱ በኩል ገብቶ መቅኔው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ዘንግ ነው። አጥንቱ በጣም ከሳሳ ሁለቱንም አብሮ ማስገባትም አለ።

ዘንጉ ላይ አንድ ጣጣ አለ። የሚያልፈው በሰው ሠራሹ ጉልበት መሐል ነው። አንዳንዱ ሰው ሠራሽ መሐሉ ክፍት ነው፣ አንዳንዱ እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው። ክፍት ቢሆንም እንኳ ስፋቱ ከዘንጉ ውፍረት ጋር መስማማት አለበት። ራጅ ላይ ይህን መለየት ሁሌም ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ነው የድሮው ወረቀት የሚያስፈልገው። ጉልበት ሲቀየር እያንዳንዱ ዕቃ ከማሸጊያው ላይ ተለጣፊ ወረቀት አለው። የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የምርት ቁጥር ተጽፎበታል። ነርሷ ልጣ የታማሚው ፋይል ላይ ትለጥፈዋለች። እሷን አንዲት ገጽ ቀዶ ሕክምናው ከተሠራበት ሆስፒታል አስፈልጋችሁ ኮፒ አውጡ። ለሚያክመው ሐኪም ከማንኛውም የምክር ደብዳቤ ትበልጥበታለች። (ጉልበታችሁን የተቀየራችሁ አንባቢዎችም፣ ዛሬ ደህና ሳላችሁ ኮፒዋን ቤት አስቀምጧት።)

ብረቱ ላልቶ ከሆነ ግን በላላ ነገር ላይ ፕሌት ማሰር ልፋት ብቻ ነው። ከስብራቱ በታች ያለው አጥንት ዱቄት ከሆነም እንደዚያው፣ ብሎኑ የሚይዘው ነገር የለም። ያኔ ሁለተኛው ሐኪም ያሉት ይመጣል። የጭኑ የታችኛው ክፍል ወጥቶ በትልቅ ሰው ሠራሽ ይተካል። ይህ ዕቃ መጀመሪያ የተሠራው በአጥንት ካንሰር ምክንያት አጥንታቸው ለሚወጣ ሰዎች ነበር። ትልቁ ጥቅሙ አጥንት እስኪገጥም መጠበቅ አለመኖሩ ነው። ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ረግጠው ይቆማሉ። ለ76 ዓመት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ ኢንፌክሽን ከገባበት ወደ ኋላ መመለሻው ጠባብ ነው። የወጣ አጥንት አይመለስም። ለዚህ ነው ማሰር የሚቻለውን አጥንት ለማውጣት የማልቸኩለው።

ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ብረቱ ላልቷል ወይ? ከምን አወቁ?» በሉ። ይህን ራጁን እያሳየ የሚያስረዳችሁን ሐኪም ስሙ። ላልቷል ከተባለም ምክንያቱ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ለማየት የደም ምርመራ፣ ሲያስፈልግም ከጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ተወስዶ ሊመረመር ይገባል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ ከነበረ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ። ቀዶ ሕክምናው ያለ በቂ ምክንያት አይጓተት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበል። በፕሌት ወይም በዘንግ ከታሰረ አጥንቱ ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «መቼ ይርገጡ? ምን ያህል?» የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ እንደ አጥንቱና እንደ አሠራሩ ይለያያልና። ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ግን ሐኪሙ እንደፈቀደ ወዲያው ይጀመር።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ቆሞ በመውደቅ ብቻ የጭን አጥንት ከተሰበረ አጥንቱ ሳስቷል ማለት ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ብረት ገብቶለት፣ ለመሳሳቱ አንድም መድኃኒት ሳይታዘዝለት ቤቱ ይገባል። የቫይታሚን ዲ መጠናቸውና የአጥንታቸው ጥንካሬ ይለካ፤ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነም ጠይቁ። ምንጣፉንም አንሱት።

ጥያቄ፦ የእኔም ጉልበት ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆነው። ይሄን ስሰማ ፈራሁ። እኔም ላይ ይደርሳል?

መልስ፦ ብዙም አይደርስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች ከ0.3 እስከ 2.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያጋጥማል። አጥንታቸው የሳሳ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ የአንጓ ብግነት ያለባቸውና ጉልበታቸው ለሁለተኛ ጊዜ የተቀየረ ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ። ፍርሃቱ መራመድ እንዳያስተውዎ፤ ጡንቻ ሲሰንፍ መውደቅ ይበዛል። ደህና የነበረው ጉልበት ሲረግጡ አዲስ ሕመም ካመጣ ግን ሳይወድቁም ቢሆን ሄደው ራጅ ይነሱ።