ከሰማይ የወደቀ ድንጋይና የአዳም ዘመን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ የምኖር የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ሜትሮራይቶች (ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች) 4,567 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናቸው ተምረናል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ፈተና ላይ የመጀመሪያውን ብጽፍ ክህደት ይሆንብኛል? እናቴም «ከሰማይ የወረደ ነው» ብለው የሸጡላትን ጥቁር ድንጋይ ከቁልቢ ባመጣችው የጠበል ጀሪካን ውስጥ ከታዋለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጄ፣ የተማርከውን ጻፍ። ቁጥሩን ግን አጥራው። 4,567 ሚሊዮን የተባለው የእያንዳንዱ ድንጋይ ዕድሜ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1969 ሜክሲኮ ውስጥ በወደቀው አየንዴ በተባለው ድንጋይና በመሰሎቹ ውስጥ ያሉት ነጫጭ ቅንጣቶች ዕድሜ ነው። ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው ናቸው፤ ፀሐይን ከከበባት ትኩስ ጋዝ መጀመሪያ የጠጠሩት እነርሱ ናቸው ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የእርሳሱን መጠን ለክተው ዘመኑን ያሰላሉ።

ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው ሌላ ነው። 5,500 ዓመት «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚለው ለአዳም የተሰጠ ተስፋ ዘመን ነው፤ አባቶች ቀኑን በሺህ ዓመት ቆጠሩት። የበዓላትና የዘመን መቁጠሪያችን ባሕረ ሐሳብም በዚሁ ላይ ይቆማል፤ ለ2017 ዓ.ም. ብናሰላ፣ 5,500 ሲደመር 2017፣ 7,517፤ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 1፤ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። እስቲ በዚህ ስሌት የድንጋይ ዕድሜ አውጣ፤ ወይም በዩራኒየም ፋሲካ መቼ እንደሚውል ንገረኝ!

ስድስቱን የፍጥረት ቀናት እየለጠጡ ቢሊዮን ላይ የሚያደርሱ ሰባክያን አሉ። አልወድላቸውም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ክሌር ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1956 የምድርን ዕድሜ 4,550 ሚሊዮን ሲል 70 ሚሊዮን ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል አብሮ ጽፏል። ሳይንስ ቁጥሩን ባጠራ ቁጥር እኛ ዘፍጥረትን ልንለጥጥ ነው?

የእናትህን ነገር ግን በዝምታ አላልፈውም። በአገራችን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቷል፤ በእርግጥ ከሰማይ የወደቀ ቢሆንም ደግሞ ፍጡር ነው። የኤፌሶን ሰዎችም ከሰማይ ወረደ በሚሉት የአርጤምስ ምስል ይመኩ ነበር (ሐዋ. 19፥35)። ለጠበሉ ድንጋይ የሚጨምርለት በረከት የለም። አትቆጣት፤ ገንዘቧን ያስወጣት እምነቷ ነው። ድንጋዩን አውጥተህ ማግኔት አስጠጋበት፤ ከሳበው ለመምህርህ አሳየው። ብረት ያለበት ድንጋይ ውኃ ውስጥ ይዝጋልና ያን ጠበል አትጠጣው፤ ሰው በማይረግጠው ቦታ አፍስሱትና ጀሪካኑን አጥባችሁ ሌላ ቅዱ።