ቲኤስ050 ያሸነፈው ሜዳው ባዶ ስለሆነ ነው?

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። እሱ «የቶዮታ የውድድር መኪና ቲኤስ050 በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሌ ማን ላይ ያሸነፈው ፖርሽና ኦዲ ስለወጡ ነው፤ ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ» ይላል። እኔ ግን መኪናው ጎበዝ ነበር ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞስ በ2017 አንድ ሰው አውራ ጣቱን አሳይቶ መኪናውን ከውድድር አስወጣው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በ2018፣ በ2019 እና በ2020 ቶዮታ ሌ ማንን ሲያሸንፍ ሃይብሪድ (በነዳጅ ሞተርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) መኪና ይዞ የመጣ ሌላ ፋብሪካ አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኦዲ በ2016 መጨረሻ፣ ፖርሽ ደግሞ በ2017 መጨረሻ እነዚህ ሃይብሪድ መኪናዎች ከሚወዳደሩበት ምድብ ወጥተዋል። የቀሩት የግል ቡድኖች ናቸው። በ2018 ሦስተኛ የወጣው የሪቤሊየን መኪና ከአሸናፊው 12 ዙር ወደኋላ ቀርቷል። ይሄን መካድ አይቻልም።

ግን መኪናውን በእነዚህ ሦስት ድሎች ብቻ መመዘን በደል ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ የቲኤስ050 ትልቅነት የታየው በተሸነፈባቸው ዓመታት ነው።

መኪናው የተሠራው ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ባለው የቶዮታ የውድድር ማዕከል ነው። ሞተሩና ሃይብሪዱ የመጡት ከጃፓን፣ ከሂጋሺ ፉጂ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ቲኤስ040 ቱርቦ የሌለው 3.7 ሊትር ቪ8 ሞተር ነበረው፤ በ2015 ፖርሽና ኦዲ ክፉኛ በለጡት። ስለዚህ ለ2016 ሁሉንም ከሥሩ ቀየሩት። 2.4 ሊትር ቪ6፣ ባለሁለት ቱርቦ ሞተር ገባ። ኤሌክትሪኩን የሚያከማቸው ካፓሲተር ወጥቶ በሊቲየም ባትሪ ተተካ። ከሞተሩ 500፣ ከኤሌክትሪኩ ሌላ 500፣ በድምሩ 1000 የፈረስ ጉልበት።

ያኔ ፖርሽም ኦዲም ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ነበሩ። እና ምን ሆነ? የ2016ቱ የሌ ማን 24 ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ካዙኪ ናካጂማ የሚነዳት የቶዮታ ቁጥር 5 እየመራች ነበር። ድንገት ጉልበት አጣች። እየተንፏቀቀች መጥታ ዋናው ቀጥታ መንገድ ላይ፣ የራሷ መካኒኮች ፊት ቆመች። ፖርሹ አልፏት ሄደ። የመጨረሻውን ዙር ለመጨረስ ከ6 ደቂቃ በላይ ስለፈጀባት ደንቡ ውጤት እንኳ ከለከላት። ምክንያቱ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለች አንዲት ማያያዣ ናት። የ24 ሰዓት ድካም በማያያዣ ተነጠቀ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በ2017 ደግሞ መኪናው ጭራሽ የማይያዝ ሆነ። የቶዮታው ሾፌር ካሙይ ኮባያሺ በማጣሪያው 13.6 ኪሎ ሜትሩን የሌ ማን ዙር በ3 ደቂቃ ከ14.791 ሰከንድ ጨረሰው። በአማካይ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። ሌሊት ነው፤ የኮባያሺ ቁጥር 7 እየመራች ነው። ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ውድድሩን የሚያዘገየው መኪና) ወጥቶ ስለነበር ከፒት (ከመጠገኛና ነዳጅ መሙያ ቦታው) መውጫ ላይ ቀይ መብራት አስቁሞታል። በዚህ መሃል የሌላ ቡድን ሾፌር የውድድር ልብሱን እንደለበሰ ጠጋ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው። ለማበረታታት ነው፣ ክፋት የለውም። ኮባያሺ ግን የትራክ ሠራተኛ መስሎት «እለፍ» ያለው ነው ብሎ ተንቀሳቀሰ። ቡድኑ በሬዲዮ አስቆመው። ከዚያ እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ቆመ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቲኤስ050 ከቆመበት የሚነሳው በኤሌክትሪክ ነው። ፍሪሲዮኑ መኪናውን በሞተር ጉልበት ከቆመበት ለማስነሳት አልተሠራም። በዚያ ግርግር ግን ደጋግሞ የተነሳው በሞተሩ ነው። ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ውድድሩ እንደገና ሲለቀቅ መኪናዋ እምቢ አለች፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ወደ ፒት ለመመለስ ሞከረ፣ አልደረሰም። አውራ ጣቱ ሰበቡ ነው፤ መኪናዋን የገደላት ያ ፍሪሲዮን ነው። የቀሩት ሁለቱ የቶዮታ መኪናዎችም አልቀናቸውም፤ አንዷ ተገጭታ ወጣች፣ ሌላኛዋ ጥገና ላይ ረጅም ሰዓት ቆመች።

ለጓደኛዎ ግን ይቺን ይንገሩልኝ። በዚያው 2017 ሌ ማንን ጨምሮ በዓለም የረጅም ርቀት ሻምፒዮና ከተካሄዱት 9 ውድድሮች ቶዮታ 5፣ ፖርሽ 4 አሸንፈዋል። ፖርሽ ዋንጫውን ይውሰድ እንጂ ሲልቨርስቶን፣ ስፓ፣ ፉጂ፣ ሻንጋይና ባህሬን የቲኤስ050 ናቸው። ታዲያ ይሄ ብቻውን የሮጠ መኪና ነው?

በ2018 ተፎካካሪ ባይኖርም ቡድኑ አልተኛም። በልምምድ ላይ ሆን ብለው መኪናውን እያበላሹ፣ ሾፌሩና መካኒኩ እንዴት እንደሚወጡት ደጋግመው ተለማመዱ። ቁጥር 8 በ388 ዙር አሸነፈች። ሾፌሮቹ ፈርናንዶ አሎንሶ፣ ሴባስቲያን ቡኤሚና ናካጂማ ናቸው፤ የመጨረሻውን ተራ ነድቶ መስመሩን ያለፈው ናካጂማ ነበር። ተፎካካሪ አለመኖሩ ከስህተት አያድንም። በዚያው ዓመት ሲልቨርስቶን ላይ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም የቶዮታ መኪናዎች የታችኛው ወለላቸው ፍተሻውን ስላላለፈ ተሰርዘዋል።

በ2019 ሌ ማን ላይም አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀር የመሪዋ የቁጥር 7 ጎማ ተነፈሰ። የሴንሰሩ ሽቦ ተዛብቶ ስለተገናኘ የተነፈሰው ሌላ ጎማ ነው ብሎ ጠቆመ። መካኒኮቹ ደህናውን ቀይረው ላኳት። ወዲያው መመለስ ግድ ሆነባት፣ ቁጥር 8 ቀደመቻት። የቁጥር 7 ሾፌሮች ኮባያሺ፣ ማይክ ኮንዌይና ሆሴ ማሪያ ሎፔዝ በቲኤስ050 ሌ ማንን ሳያሸንፉ ቀሩ። ያሸነፉት በ2021፣ ተተኪው ጂአር010 ከመጣ በኋላ ነው።