ቻው «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጓደኛሽ «ቻው ማለት ባሪያህ ነኝ ማለት ነው፤ ልጆችሽን አታስለምጃቸው» ብላሽ ደንግጠሽ እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ስለ ቃሉ አመጣጥ ጓደኛሽ አልተሳሳተችም። ልጆቹን መከልከሉ ላይ ግን አልስማማም። ጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ ውስጥ ስድስት ዓመት አንዲት አሮጊት ስጦር (እዚያ እንደኔ ያለችውን ጧሪ ባዳንቴ ይሏታል) ቃሉ ብዙ አሳስቶኛልና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት ገና በሩን ከፍቼ ስገባ ሴትዮዋ ካልጋቸው ሆነው «ቻው!» አሉኝ። እኔ የማውቀው የአዲስ አበባውን ቻው ነው። ሳልጀምር አሰናበቱኝ ብዬ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ደርቄ ቀረሁ። ለካ ጣሊያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም የሚሉት እሱኑ ነው። እኛ የወሰድነው ግማሹን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ቬኒስ አጠገብ ያደጉ ስለነበሩ ቻው የኛ አገር ቃል ነው እያሉ ይኮሩበታል። እውነታቸውን ነው። በቬኒስ ሰዎች አነጋገር ባሪያ «ስቻቮ» ነው፤ «ስ» እና «ቻ» ለየብቻ ይሰማሉ። ድሮ ጨዋ ሰው ሌላውን ሲያገኝ «ስቻቮ ቮስትሮ»፣ ባሪያዎ ነኝ፣ ይል ነበር። አፍ ላይ ሲመላለስ መጀመሪያ «ቮ» ሳስቶ «ስቻኦ» ሆነ፤ ቆይቶ «ስ» ወደቀና «ቻኦ» ቀረ።

«ስቻቮ» ራሱ ከየት መጣ ካልሽ ነገሩ ይከብዳል። ቃሉ ቀድሞ የሕዝብ ስም ነበር። ስላቮች (እነ ሰርብ፣ ቡልጋርና ቼክ ያሉበት የአውሮፓ ሕዝቦች) ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ «ስሎቮ»፣ ማለትም ቃል፣ ከሚለው የወጣ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ የምንግባባ፣ የምንነጋገር ሰዎች እንደማለት። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን ግን በጦርነት እየተማረኩ ለገበያ የሚቀርቡት ብዙዎቹ ስላቮች ነበሩ፤ የቬኒስ ነጋዴዎችም ባሕር አሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይሸጧቸው ነበር። በዚህ የተነሳ የሕዝቡ ስም የባሪያ ስም ሆኖ ቀረ። የእንግሊዙ ስሌቭ፣ የጀርመኑ ስክላቭ፣ የፈረንሳዩ ኤስክላቭ፣ የስፔኑ ኤስክላቮ ሁሉም ከዚሁ ነው። ዓረቦቹም «ሰቃሊባ» ይሏቸው ነበር። ቬኒስ ሄደሽ ከሳን ማርኮ አደባባይ በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ «ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ» የሚባል ሰፊ መንገድ አለ፤ ከባሕሩ ማዶ ከዳልማሺያ (ዛሬ አብዛኛው ክሮኤሺያ ነው) በመርከብ ይመጡ በነበሩት ስላቮች የተሰየመ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የባሪያ ገበያ መስሎኝ ነበር።

የሚገርመኝ ዛሬ ሰርቦቹም ቡልጋሮቹም «ቻኦ»፣ ቼኮቹም «ቻው» ነው የሚሉት። የገዛ ስማቸው ዓለምን ዞሮ ሰላምታ ሆኖ ተመለሰላቸው!

ይህ ደግሞ የጣሊያን ብቻ አይደለም። ጀርመን፣ ሙኒክ እህቴ ጋ ስሄድ ጎረቤቷ ሁልጊዜ «ሴርቩስ» ይለኛል። ይህም ላቲን ነው፤ ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ኦስትሪያም ሃንጋሪም አለ። ስዊድኖች «ሼና» የሚሉት «ሼናሬ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ እሱም አገልጋይ ነው። በእንግሊዝኛ የድሮ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ታዛዥ አገልጋይዎ» ተብሎ ይፈረም ነበር።

እኛስ ብትዪኝ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ የምንለው ምንድን ነው? በግዕዝ «ገብር» ባሪያም አገልጋይም ነው። ሰው ዝቅ ብሎ ሌላውን ማክበሩ በኛም ነበር፤ ለፈጣሪና ለቅዱሳን ስለሆነ ብቻ አልከበደንም። «ባሪያ» የሚለውን ቃል በሰው ላይ መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው። ኤርትራ ውስጥ ያሉት ናራዎች ድሮ ሌሎች በዚሁ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ዛሬ ስማቸው ናራ ነው። ጓደኛሽ ቤት ውስጥ የሚነገር ቃል ልትቆጣጠር ካማራት ከዚህኛው ብትጀምር ይሻላል።

ቻው ወደ እኛ የገባው በጣሊያኖቹ ነው፤ በአሥመራም በአዲስ አበባም፣ ከመኪናና ከፋብሪካ ጋር። ልጆችሽ «ቻው» ሲሉ ማንንም ባሪያ አያደርጉም፣ ራሳቸውንም አያዋርዱም። ለአያታቸው «ደህና ዋሉ» ማለቱን ካወቁ በቂ ነው።

ጣሊያን ልትሄጂ ካሰብሽ ግን አንድ ነገር ያዢ። እዚያ ቻው «አንተ» እና «አንቺ» ለሚባባሉ ብቻ ነው። እኔ ሴትዮዋን ሊያዩ የመጡትን ሽማግሌ ሐኪም በፈገግታ «ቻው!» ብዬ ሸኘኋቸው። ሴትዮዋ ሐኪሙ እስኪወጡ ጠብቀው «አሪቬደርቺ ነው የሚባለው! አብራችሁ ነው እንዴ ያደጋችሁት?» ብለው ተቆጡኝ። ለማታውቂው ሰው ስትገቢ «ቦንጆርኖ»፣ ስትወጪ «አሪቬደርቺ» በዪ።

«የቬትናሞችም ሰላምታ ቻዎ ከዚሁ ነው» የሚል ሰው ካለም፣ አይደለም። የነሱ የራሳቸው ቃል ነው፤ ድምፁ ገጠመ እንጂ ቬኒስ አልደረሰም።