መልስ፦ ለብሉዝ ሮክና ለፔዳል የቱ ባለቲዩብ አምፕሊፋየር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ውስጥ በአነስተኛ አዳራሽ በኤሌክትሪክ ጊታርና በፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ በሚቀይር ሳጥን) ብሉዝ ሮክ ለመጫወት ባለ 15 ዋት ባለቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፁን በብርጭቆ ቱቦዎች የሚያጎላ) ይበቃል ወይስ ባለ 40 ልግዛ ብለሃል። ከዋቱ በፊት ድምፁ ሳይሰበር ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጠይቅ። የኦቨርድራይቭ ፔዳል (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው) ጠባይ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ንጹሕ ድምፅ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ቀድሞ በሻከረ ድምፅ ላይ ሲደረብ ብዙውን ጊዜ ይታፈናል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ባለ 22 ዋቱን ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። ባለ 15 ዋቱ ብሉዝ ጁኒየር ለኪስም ለትከሻም ቀላል ነው፤ ከበሮ ሲገባ ግን ቶሎ ይሻክራል። ያንን የሚወድ አለ፣ አልከራከርም። 40 ዋት ያለው ሆት ሮድ ዴሉክስ ለፔዳል ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ድምፁን 2 ላይ ስታደርሰው ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ከሞዴሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት ነው። እኔ አንዱን ሳላነብ በቀጥታ 220 ላይ ሰክቼ የቃጠሎው ሽታ ለሳምንት ከቤቴ አልወጣም። ከጀርባው የተጻፈውን አንብብ። ትራንስፎርመር ስትገዛም በ22 ዋት አትለካው፤ እሱ ለስፒከሩ የሚሰጠው ጉልበት ነው፣ ከሶኬት የሚስበው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። መብራቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ጨምርበት።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታመጣው ከሆነ ቲዩቦቹ ብርጭቆ ናቸውና ጣሪያ ላይ አታስጭነው።