ኖራው፣ ቆጣሪውና የጓሮው ጉድጓድ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፤ ከድሬዳዋ ለደረሱን ደብዳቤዎች

ቆጣሪው አየር ነው የሚቆጥረው?

«አምስት ቤተሰብ ነን። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል። ጣሪያ ላይ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ አለን። በወር ከ12 ኪዩብ አልፈን አናውቅም ነበር፤ ያለፈው ወር ግን 31 ኪዩብ መጣብን። ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥብ ነገር አላገኘንም። ጎረቤት ሁሉ አየር ነው ይለናል።» ከለገሃሬ

አየር ቆጣሪ ያዞራል፤ ወሬ ብቻ አይደለም። ፈረቃው ሲያልቅ መስመሩ ባዶውን ያድራል፤ ውሃው ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ይመጣል፤ በቆጣሪው ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ደግሞ ውሃና አየር ለይቶ አያውቅም። ግን ሒሳቡን እንየው። ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪዎ ያለው ባለ 3/4 ኢንች ቧንቧ 50 ሜትር ቢረዝም እንኳ የሚይዘው 16 ሊትር ገደማ ነው። ዋናው መስመር ባዶ ሲሆንና ቤቱ ከፍታ ላይ ሲሆን አየሩ ይበዛል፤ የእርስዎ ጭማሪ ግን 19 ኪዩብ፣ ማለትም 19 ሺህ ሊትር ነው። ይህን ሁሉ በአየር ማሳበብ ይከብዳል።

አሁን ይህንኑ 19 ሺህ ሊትር ውሃ በወሩ ለመጣባቸው 8 ወይም 9 ሌሊቶች ያካፍሉት። በአንድ ሌሊት ከ2 ሺህ ሊትር በላይ ይሆናል። ቤት ውስጥ ያለ ፍሳሽ ቢሆን ይህን ያህል ውሃ የሚወስደው ከሮቶው ነበርና ሮቶው ቶሎ ደርቆ ባስቸገራችሁ ነበር። በደብዳቤዎ ግን ሮቶው ደረቀ አላሉም። ስለዚህ ውሃው የሚጠፋው ሲመጣ ነው፤ ሰው ተኝቶ ሮቶው እየሞላ ሲፈስ ያድራል ብለን እንጠረጥራለን።

ጣሪያው ላይ ወጥተው የሮቶውን ማስተንፈሻ ቱቦ ይመልከቱ። ከሥሩ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መስመር ወይም ነጭ የኖራ ጅረት ካለ ነገሩ አልቋል። ጥፋቱ ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ባለ ኳስ ቫልቭ፣ የተንሳፋፊው ነው። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ተንሳፋፊው የሚዘጋባት ትንሽ ጎማ ላይ ቅርፊት ይጋገርና ክንዱ ቢነሣም ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ፈተው ኳሱን ጆሮዎ ሥር ይነቅንቁት፤ ውስጡ ውሃ ከተንጫጫ ተሰንጥቋልና ይቀይሩት። ደህና ከሆነ የነሐሱን አካል ሌሊቱን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ ጎማዋን በአዲስ ይተኩ፤ ሲገጥሙት ውሃው ከማስተንፈሻው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ክንዱን ወደ ታች ያጉብጡት። ርካሹን የፕላስቲክ ተንሳፋፊ እኛ አንመክርም።

ይህ ካልሆነ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው ቧንቧ ይፈተን። ውሃ እየመጣ ሳለ የሮቶውን መግቢያ ቫልቭና በመካከል ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ኮከብ ለ10 ደቂቃ ይመልከቱ። ከዞረች ከመሬት በታች የሚፈስ አለ፤ ከቆጣሪው ወዲህ ስለሆነም ጥገናው የእርስዎ ነው። ካልዞረችና አሁንም ቆጣሪውን ከተጠራጠሩ አምስት ጀሪካን ሞልተው ያወዳድሩ፤ መቶ ሊትር መቁጠር አለበት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ከሞላ ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዝ ግን መጀመሪያ 20 ኪሎ ውሃ መዝነው ልኩን ምልክት ያድርጉበት። ልዩነቱ ጎልቶ ከወጣ ውጤቱን ጽፈው ወደ ውሃና ፍሳሽ ይሂዱና ቆጣሪው እንዲፈተሽ ያመልክቱ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ከአቤቱታ ይበልጣል።

ቦይለሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ተቃጠለ

«ከዚራ የምንኖርበት ቤት አሮጌ ነው፤ ቧንቧው ብረት ነው። ሻወሩ እየቀነሰ መጣ፤ የቦይለሩ ማሞቂያም ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ባለሙያው ቧንቧው በሙሉ ወደ ፒፒአር (በሙቀት ቀልጦ የሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ) ይቀየር ይላል። ወጪው በዛብን።» ከከዚራ

ሁለቱ የተለያየ ችግር ነው፤ መንስኤው ግን አንድ ኖራ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩት ታውቁታላችሁ። ኖራው ማሞቂያው ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት አይችልም፤ ሽቦው በራሱ ግለት ይነዳል። ውሃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ኖራው በፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያውን ከ55 እስከ 60 ያድርጉት። በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈት፦ ከቆጣሪ ሳጥን መብራቱ ይጥፋ፣ የቀዝቃዛው ውሃ ቫልቭ ይዘጋ፣ ውሃው ይፍሰስ፣ ክዳኑ ተፈቶ ማሞቂያው በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይታጠብ። አብሮ የሚወጣው የማግኒዚየም ዘንግ አልቆ የመሀሉ ሽቦ ከታየ ይቀየር፤ እሱ ካለቀ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል። የክዳኑ ጎማ አንዴ ከተፈታ ዳግም አጥብቆ ስለማይዝ በአዲስ ይተካ። ሲሞቅ ከደኅንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤነኛነት ነው፤ በምንም ዓይነት እንዳይደፈን። (ለነገሩ በግንቦት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ራሱ ቦይለር ነው፤ የከተማው ሰው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ቢያጠፋው አይጎዳም።)

ሻወሩን በተመለከተ ቧንቧውን ከማፍረስ በፊት ራሱን ይፍቱት። ከቱቦው አፍ ውሃው በኃይል ከወጣ ችግሩ ወንፊቱ ነው፤ ኮምጣጤ ባለበት ፌስታል አስሮ ማሳደር ይበቃል። ኮምጣጤና በረኪና አንድ ላይ አይነካኩ፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ቱቦውም ከደከመ ከሮቶው እስከ ሻወሩ ያለውን ቁመት ይለኩ። በየ1 ሜትሩ የሚገኘው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ አዲስ ቧንቧም ተአምር አይሠራም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ብረቱን አንድ ቦታ ቆርጦ ማየት። የግማሽ ኢንቹ ቀዳዳ እርሳስ የማያስገባ ከሆነ ባለሙያው እውነቱን ነው።

ፒፒአር ሲገጠም ከጎኑ ቆመው ይመልከቱ። የማቅለጫው ሙቀት 260 ዲግሪ ነው፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ ብቻ ይሞቃል፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፣ 2 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። የሚገባበት ጥልቀት 14 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አስቀድሞ በእርሳስ ይሠመር። ረጅም ካሞቁትና አጥብቀው ከገፉት የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ከንፈር ሠርቶ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ከውጭ አምሮ የሚታይ መጋጠሚያ ከውስጥ ግማሹን ሊዘጋ ይችላል። ከቤት ውጭ ፀሐይ የሚያገኘው ቧንቧ ይሸፈን።

ፓምፕ በቀጥታ መስመሩ ላይ

«ጎረቤቴ በቆጣሪው ላይ ፓምፕ ገጥሞ ውሃውን ሁሉ ይስበዋል። እኔም ልግጠም?» ከገንደ ቆሬ

አይግጠሙ። ፓምፑ መስመሩን ሲስብ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ በየመጋጠሚያው ያለች ትንሽ ስንጥቅ ከፍሳሽ ቦዩ ጎን ያለውን ውሃ ትጠጣለች፤ የጎረቤትዎም የእርስዎም ማሰሮ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ትክክለኛው መንገድ መሬት ላይ ያለ ሮቶ በራሱ ግፊት እንዲሞላ ማድረግ፣ ፓምፑን ከዚያ ወደ ላይኛው ሮቶ መግጠም፣ በሁለቱም ላይ በተንሳፋፊ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ማኖር ነው። የታችኛው ሲደርቅ ፓምፑ ካልጠፋ ባዶውን ዞሮ ይቃጠላል።

የጓሮ ጉድጓድና ጨቅላ ሕፃን

«ውሃ ሲቸግረን 12 ሜትር ጉድጓድ አስቆፈርን። ሴፕቲክ ታንኩ ዘጠኝ ሜትር ይርቀዋል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም የለውም። በረኪና እንጨምርበታለን፣ ለልጁም አፍልተን ነው ወተቱን የምንበጠብጥለት። የሦስት ወር ልጅ አለን፣ የቆርቆሮ ወተት ነው የሚጠጣው።» ከአዲስ ከተማ

ይህን ደብዳቤ ሳናዘገይ ነው የመለስነው። ለልጁ ወተት ከዚህ ጉድጓድ አትቅዱ።

ድሬዳዋ ከአሸዋና ከኖራ ድንጋይ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አሸዋው ፍሳሹን ቶሎ ያሳልፋል፤ ኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ስላለው ከሥር ያለው ውሃ እንደ ቧንቧ ይጓዛል። ከሽንት ቤትና ከሴፕቲክ ታንክ የሚወርደው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። በረኪና ጀርምን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካም። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ልኩን በሊትር 50 ሚሊ ግራም አድርጎታል፤ ልኩ የወጣውም በጠርሙስ የሚመገቡ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን በማሰብ ነው። ናይትሬቱ በሕፃኑ ሆድ ወደ ናይትራይት ተቀይሮ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ወይም ድካምና ትንፋሽ ማጠር ካዩ ያለምንም ማመንታት ሆስፒታል ይውሰዱት።

ለልጁ የታሸገ ውሃ ወይም ምርመራ የተደረገለት የቧንቧ ውሃ ይጠቀሙ፤ ጡት ማጥባት ለሚችል እናት ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። የጉድጓዱን ውሃ ላቦራቶሪ በሚሰጥዎት ጠርሙስ ወስደው ናይትሬትና የሰገራ ኮሊፎርም (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ያስመርምሩ፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ ከክረምት ዝናብ በኋላ። ውጤቱ እስኪመጣ ጉድጓዱ ለልብስና ለወለል ይዋል። በልማድ የሚባለው ርቀት 30 ሜትር ነው፤ ዘጠኝ ሜትር በጣም ቅርብ ነው፤ በስንጥቅ ድንጋይ ላይ ግን 30ም ዋስትና አይሆንም።

ታንኩን መልሶ መሥራት ከታሰበ ታቹ ሲሚንቶ ይሁን፣ በሁለት ክፍል ይከፈል፣ መግቢያውና መውጫው በቲ ቅርጽ ቧንቧ ከውሃው ገጽ በታች ይውረድ። አለበለዚያ የላይኛው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። መቼ እንደሚመጠጥ ለማወቅ ረጅም ዱላ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እስከ ታች ይስደዱ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ የፈሳሹን ቁመት አንድ ሦስተኛ ካለፈ መኪናው ይጠራ። የተከፈተ ታንክ ላይ ክብሪት አይጫር፤ ሰው በፍጹም አይውረድ። የወደቀውን ለማውጣት የወረደም አብሮ እንደሚቀር ብዙ ቤት ያውቀዋል፤ ከሥር የተጠራቀመው ጋዝ ያደነዝዛል፣ ሽታውንም ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ አፍንጫ አይለየውም።

አንድ የድሬ ነገር፦ ገረባ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣል። የጫት ቅጠልና ግንዱ ቶሎ አይበሰብስም፤ መግቢያው ቲ ላይ ተጠላልፎ ዘይትና ሊጥ ይይዝና እንደ ጭቃ ግንብ ይሠራል። ፖዜቶ (የፍሳሽ መስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ተከፍቶ ሲታይ የመጀመሪያው የሚወጣው እሱ ነው።

የሮቶ አጠባ

«ሮቶ በየስንት ጊዜው ይታጠባል? ምን ያህል በረኪና?» ከመጋላ

በየስድስት ወሩ፤ ዝናብ ካበቃ በኋላ አንዱ ይሁን። ዝቃጩን አውጥተው በብሩሽ ከፈተጉ በኋላ ይሙሉት፤ ለ1 ሺህ ሊትር 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና 1 ሊትር ይጨምሩ። በየቧንቧው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ያስኪዱ፣ ከዚያ ዘግተው ያሳድሩ። በማግሥቱ ሁሉንም አፍስሰው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ይህ ለአጠባ ነው፤ ለመጠጥ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚበቃው። ለመጠጥ «ውሃ አጋር» የተባለው የውሃ ማከሚያ ካለ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ይከተሉ። በረኪና በፀሐይ ይሞታል፤ ሱቅ መስኮት ላይ የከረመ ጠርሙስ አይግዙ።

ደቻቱ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ

«በደረቅ ወቅት ሁሉም ቆሻሻውን ወንዙ ላይ ይጥላል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠርገዋል ይላሉ።» ከአሸዋ ገበያ አካባቢ

ይጠርገዋል፤ ወደ ድልድይና ወደ ሰው ቤት። ደቻቱ ድሬ ላይ ባይዘንብ እንኳ ደጋው ላይ በወረደ ዝናብ ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በዚሁ መንገድ ነው። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ የድልድይ ወንፊት ሠርቶ ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ከቤት የሚወጣውን በሦስት ከረጢት ያድርጉት። ገረባውና የአትክልት ልጣጩ ለፍየል ነው፤ ጠያቂ አያጣም። ሃይላንዱና ብረቱ ለቆራሌው። የቀረው፣ ውሃው ጠፍፎ፣ ለማኅበር ልጆቹ። እርጥቡ ካልተቀላቀለ ሦስተኛው ከረጢት ስለሚቀልና ስለማይሸት ለመሰብሰብ የሚመጡበት ቀን ቢያልፍ እንኳ እስከሚቀጥለው ድረስ በረንዳ ላይ ሊቆይ ይችላል።